ለድሮ ዴል ዴስክቶፕ (ኦፕቲፕሌክስ 9020) ግራፊክስ ካርድ የቱን ልግዛ?

የሐዋሳዋ ኤዲተር፦

ሰላም ለሁላችሁም እንዴት ናችሁ። እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ የሰርግ የምርቃትና የክርስትና ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ ነው የምተዳደረው። ማሽኔ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው ከዱባይ የገባ ዩዝድ፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 4590፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሀርድ ዲስኩ 1 ቴራ፣ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር የለውም በራሱ በኢንቴሉ ነው የምሰራው። ድሮ በካኖን 80ዲ ሲቀረጽ ፉል ኤችዲ ስለሆነ እየተንገዳገደም ቢሆን ያሰራኝ ነበር፣ አሁን ግን አብሮኝ የሚሰራው ካሜራማን ሶኒ ኤ6400 ገዛና ሁሉንም ነገር በ4ኬ ማምጣት ጀመረ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ፕሪሚየር (ኤዲት የማደርግበት ሶፍትዌር) ላይ ፕሌይ ስለው ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል፣ ከለር ከነካሁማ በቃ ምስሉ ቆሞ ድምጹ ብቻውን ይሄዳል። ባለፈው የአንድ ሰርግ የመልስ ቪዲዮ ኤክስፖርት ብዬው ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ ገና 60 ፐርሰንት ላይ ነው፣ ሙሽሮቹ ደግሞ በየቀኑ ነው የሚደውሉልኝ።

ያየኝ ሁሉ ግራፊክስ ካርድ ግዢ ይለኛል። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ሱቆች ጠይቆልኝ 1050 ቲአይ እና 1650 የሚባሉ የኤንቪዲያ ኩባንያ ካርዶች አሉ አሉት፣ ሌላው ደግሞ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ በ1650ው ዋጋ እሰጥሃለሁ ብሎታል። 8 ጊጋ ከ4 ጊጋ አይሻልም እንዴ? ሞኒተሬም የድሮ ነው ሰማያዊ ጫፍ ያለው የቪጂኤ ገመድ ነው ያለው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ፊፋ ያጫውታል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብሎኛል ግን እሱ በኋላ ይደርሳል ዋናው ስራዬ ነው። ብሩ የሁለት ሰርግ ብር ነው፣ ተሳስቼ እንዳልገዛ ፈርቻለሁ በናታችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ጌመር ዘቦሌ፦

ሰላም እህት። እኔ ብሆን አይኔን ሳላሽ 580ውን ነው የምገዛው፣ 8 ጊጋ ቪራም (የካርዱ ሜሞሪ) በዚህ ዋጋ ከየት ይገኛል፣ እኔ ጋ ሁለት አመት ሆኖታል ፊፋም ጂቲኤም ምናምንም ቀጥ አድርጎ ነው የሚያጫውተው አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ቀይሪ፣ ባለ 500 ዋት አስገቢበት አለቀ።

ቴክኒሻን ዘመገናኛ፦

እህቴ ቆይ አትቸኩዪ። የ580ው ምክር ለሌላ ማሽን ቢሆን ልክ ነው ለ9020 ግን አይሆንም፣ ምክንያቱን ልንገርሽ። እኔ እነዚህን የዴል የቢሮ ማሽኖች ስጠግን ብዙ አመት ሆኖኛል፣ ሰው ሁሌ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ካርዱን ይገዛና ከዛ ማሽኑን ይከፍታል። መጀመሪያ ክፈቺው፣ ምን ማስተናገድ እንደሚችል እዪ፣ ከዛ በኋላ ነው ሱቅ የምትጠይቂው።

9020 የሚባለው ብዙ አይነት ካሳ አለው። ረጅሙ ታወር ከሆነ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ይገባል፣ ፓወር ሰፕላዩም 290 ዋት ነው። ቀጭኑ ኤስኤፍኤፍ የሚሉት ከሆነ ደግሞ 255 ዋት ነው፣ ካርዱም ሎው ፕሮፋይል የሚባለው ቁመቱ አጭሩ መሆን አለበት አለበለዚያ ክዳኑ አይገጥምም።

አሁን ሂሳቡን እዪው። አርኤክስ 580 ለብቻው 185 ዋት ነው፣ አይ5 4590 ደግሞ 84 ዋት፣ ሀርድ ዲስኩን ማዘርቦርዱንና ፋኑን ስትደምሪበት 290ው ላይ ደረስሽ ማለት ነው ምንም መተንፈሻ የለውም። ከዛም በላይ ካርዱ 8 ፒን የፓወር ገመድ ይፈልጋል፣ የዴሉ ፓወር ሰፕላይ ላይ እንደዛ አይነት ገመድ ጭራሽ የለም። ፓወር ሰፕላዩን ቀይሪ ያለሽ ወንድማችን ደግሞ ይቺን አላያትም፣ የ9020 ማዘርቦርድ እንደሌላው 24 ፒን አይደለም የሚቀበለው፣ ዴል የራሱን 8 ፒን ነው ያደረገበት፣ ስለዚህ ገበያ ላይ ያለውን ፓወር ሰፕላይ ገዝተሽ ብትመጪ የምትሰኪበት አታገኚም፣ ከ24 ወደ 8 የሚቀይር ገመድ ለብቻው ትፈልጊያለሽ። ይሄን ሁሉ ከፍለሽ የምታገኚው ደግሞ ማይኒንግ (ክሪፕቶ ማውጣት) ላይ ሌት ተቀን ሲነድ የከረመ ሊሆን የሚችል ካርድ ነው፣ 580 እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ከዛ ነው የመጣው። አንዳንዱማ 2048ኤስፒ የሚባለው ነው፣ ስሙ 580 ነው ውስጡ ግን የ570 ነው።

አንድ ነገር በጣም ላስጠንቅቅሽ። ሻጩ ‘ችግር የለውም በዚህ ይሰራል’ ብሎ ከሳታ (ከሀርድ ዲስኩ የፓወር ገመድ) ወደ 6 ፒን ወይ ወደ 8 ፒን የምትቀይር ትንሽ ገመድ ሊሰጥሽ ይችላል። እንዳትቀበዪው። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልቱ ከ54 ዋት በላይ እንዲያሳልፍ አልተሰራም። አምና አንድ ልጅ ማሽኑ ሸተተኝ ብሎ ይዞልኝ መጣ፣ ስከፍተው የሳታው ጥቁር ፕላስቲክ ቀልጦ ከካርዱ ገመድ ጋር አንድ ላይ ተጣብቋል፣ ቢጫው ሽቦ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ወጥቶ ይታያል። ያ ልጅ ማሽኑን ከፍቶ ትቶ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ነበር የሚቃጠለው።

ስለዚህ ላንቺ የሚሆነው ከስሎቱ (ማዘርቦርዱ ላይ ከሚሰካበት ቦታ) ብቻ ፓወር የሚወስድ ካርድ ነው። ስሎቱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፣ በዛ የሚኖሩት 1050 ቲአይ፣ 1650፣ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋውና አርኤክስ 6400 ናቸው። አርኤክስ 6400ን ላንቺ ስራ እርሺው፣ ቪዲዮ ኢንኮድ የሚያደርግ (ኤክስፖርት ሲሆን ቪዲዮውን የሚጨምቅ) ክፍል ጭራሽ የለውም፣ ኤክስፖርትሽን አያግዝም፣ ደግሞ በ4 ሌን (ዳታ በሚያልፍበት መስመር) ብቻ ስለሚሰራ እንዳንቺ አይነት ጄን 3 (የድሮ ትውልድ ስሎት ያለው) ማሽን ላይ ሲገባ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጂቲ 1030 አምጥቶ ‘ይሄም ኤንቪዲያ ነው’ የሚልሽ ካለም እሱም ኢንኮደር የለውም።

በ1050 ቲአይና በ1650 መሀል ከሆነ 1650። 1050 ቲአይ ጥሩ ካርድ ነበር ግን በፈረንጆቹ የ2016 ነው፣ ኤንቪዲያ ለዛ ትውልድ አዲስ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያሰራው ሶፍትዌር) ማውጣቱን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 አቁሟል፣ ከዚህ በኋላ እስከ 2028 የሴኩሪቲ ማስተካከያ ብቻ ነው። 1650 የ2019 ነው ከሱ ቀጥሎ ያለው ትውልድ ስለሆነ አሁንም ድራይቨር ይወጣለታል፣ ፕሪሚየር ደግሞ አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አዲስ ድራይቨር ነው የሚጠይቅሽ። 3050 ባለ 6 ጊጋው 70 ዋት ነው ከሁሉም እሱ ይበልጣል፣ ከደረሰብሽ እሱን ያዢ፣ ግን 3050 ባለ 8 ጊጋ የሚባል ሌላ አለ እሱ 130 ዋት ነው ገመድም ይፈልጋል፣ ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

1650ም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። አንዳንዱ 6 ፒን ሶኬት አለው። ዘመድሽ ካርዱን በእጁ ይያዝና ከፋኑ በላይ ያለውን ጠርዝ እስከ ጫፉ ድረስ ይየው፣ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ያሉት ሶኬት ካለ ይመልሰው፣ ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ያ ነው ያንቺ።

ራም ይቅደም፦

ቴክኒሻኑ ያለው ሁሉ ልክ ነው ግን ቅደም ተከተሉ ላይ እኔ አልስማማም። 8 ጊጋ ራምና የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ይዘሽ 4ኬ ኤዲት ስታደርጊ 3050 ሳይሆን 4090 ብታስገቢም ያው ነው የምትቆሚው። ፕሪሚየር ሲከፈት 8 ጊጋውን ይጨርሳል ከዛ ዊንዶውሱ ሀርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ያ ዲስክ ደግሞ በዛው ሰዓት የሶኒውን ፋይል እያነበበ ነው። እስኪ ታስክ ማናጀር ክፈቺና ፕሌይ እያልሽው ሜሞሪና ዲስክ የሚለውን እዪው፣ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከተሰቀለ ነገሬ ገብቶሻል።

የ9020 ታወር አራት የራም ቦታ አለው፣ ዲዲአር3 ነው፣ እስከ 32 ይወስዳል። ሁለት ባለ 8 ጊጋ አስገቢበት 16 አድርጊው። ስትገዢ ግን የሰርቨር ራም እንዳይሰጡሽ ተጠንቀቂ፣ ርካሽ ነው ብለው ነው የሚያመጡት መልኩም ያው ነው ስሎቱ ውስጥም ይገባል ግን ማሽኑ አይነሳም፣ ስቲከሩ ላይ ከቁጥሩ መጨረሻ አር የሚል ፊደል ካለ ተዪው። ከዛ ዊንዶውሱና የያዝሽው ፕሮጀክት የሚሆንበት ኤስኤስዲ ባለ 500 ጊጋ፣ ያለቀውን ስራ ወደ ሀርድ ዲስኩ መልሺው።

ሌላው ደግሞ ለዛሬ ምንም ሳትገዢ ፕሮክሲ ስሪ። ክሊፖቹን ፕሪሚየር ውስጥ መርጠሽ ራይት ክሊክ፣ ፕሮክሲ፣ ክሪኤት ፕሮክሲስ፣ ትንሹን መጠን ምረጪለትና ቡና ጠጥተሽ ነይ። ኤዲቱን በትንሹ ፋይል ነው የምትሰሪው ኤክስፖርት ሲሆን ራሱ ወደ ዋናው 4ኬ ይመለሳል ጥራቱ ምንም አይነካም። የሙሽሮቹን ስልክ ሳትፈሪ ታነሺያለሽ።

የሐዋሳዋ ኤዲተር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም እንደዚህ ጊዜ ሰጥታችሁ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ማሽኑን ከፈትኩት፣ ረጅሙ ታወር ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለው ወረቀት 290 ዋት ይላል። አቧራው ግን አይነሳ፣ የፕሮሰሰሩ ፋን ስር እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር በብሩሽ አጸዳሁት። ታስክ ማናጀሩንም አየሁት እውነትም ዲስኩ 100 ላይ ተሰቅሎ ነው የሚቀረው ሜሞሪው ደግሞ 94 ይላል። ፕሮክሲውን ትናንት ማታ ሞከርኩት ፕሌይ ሲል አይቆምም! ኤክስፖርቱ ግን ያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሙንና ኤስኤስዲውን ቀጥሎ 1650ውን ላደርግ ነው። የቪጂኤው ነገርስ? ዘመዴ አንድ ቦታ 1050 ቲአይ ቪጂኤ ያለው አግኝቻለሁ ከ1650ውም በጣም ይረክሳል ለሞኒተርሽም ይሆንሻል ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ሞኒተር መግዛት ስለማልችል ልቤ ወደዛ ሄዷል።

ተሸውጄ የተማርኩ፦

እህቴ እባክሽ እንዳትገዢው!! እኔ ልክ እሱን ነው የገዛሁት ልክ በዛ ምክንያት፣ ሞኒተሬ ቪጂኤ ስለሆነ።

መርካቶ አንድ ሱቅ ነው፣ ካርቶኑ አዲስ ፕላስቲኩ ያልተከፈተ፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ ይላል፣ ቤት ወስጄ ስሰካው ዊንዶውሱም 1050 ቲአይ 4 ጊጋ ነው የሚለው። ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከዛ ብሌንደር ላይ ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ስከፍት ስክሪኑ አረንጓዴ መስመር መስመር ሰርቶ ማሽኑ ደረቀ፣ በጣም ቀላል ነገር ላይ ይሰራል ከፍ ሲል ይሞታል። ጓደኛዬ ጂፒዩ ዚ የምትባለውን የካርዱን ማንነት የምታሳይ ትንሽ ሶፍትዌር አስከፈተኝ፣ ስሙ ፊት ፌክ የሚል ጽሁፍ የካርዱ አርማ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት። ውስጡ ጂቲኤስ 450 ነበር፣ በፈረንጆቹ የ2010 ካርድ፣ ባዮሱን (ስሙን የሚይዘውን የውስጥ ፕሮግራም) ቀይረው ስሙን 1050 ቲአይ አድርገውት፣ ሜሞሪውም 1 ጊጋ ነው 4 የሚለው ውሸት ነው ለዛ ነው 1 ጊጋዋ ስትሞላ የሚደርቀው። መልሼ ስሄድ ሰውዬው ‘ስትወስድ ይሰራ ነበር’ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። የሦስት ወር ቁጠባዬ ነበር እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ምልክቱን ያወቅኩት በኋላ ነው፣ ምልክቱ ራሱ ቪጂኤው ነው። ኤንቪዲያ ከ1050 ትውልድ ጀምሮ አናሎጉን ከቺፑ አውጥቶታል፣ ስለዚህ ዋናው 1050 ቲአይ ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይ ፖርትና ዲቪአይ እንጂ ቪጂኤ ይዞ አይመጣም። ዘመድሽ ሲገዛ ጂፒዩ ዚን በፍላሽ ይዞ ይሂድ ትንሽ ፋይል ናት፣ ሱቁ ውስጥ ባለው ማሽን ይሰኩለትና ያስከፍታት፣ እምቢ ካሉ ብሩን ይዞ ይመለስ።

ቴክኒሻን ዘመገናኛ፦

ይሄ ልጅ የነገረሽን ወርቅ አድርጊው። ለቪጂኤው መፍትሄ አለ፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ኮንቨርተር ግዢ፣ ውስጡ ቺፕ ያለው ነው። ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የምትባለዋን ነጭ ጫፍ ግን አትግዢ፣ የነዚህ ካርዶች ዲቪአይ ጠፍጣፋዋ ቀዳዳ ዙሪያ ያሉት አራቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች የሉትም፣ አናሎጉ የሚያልፈው በነሱ ስለነበር ጫፏ ራሱ አትገባም። እና ካርዱን ከገጠምሽ በኋላ የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ነው የምትሰኪው፣ ድሮ የነበረበት ማዘርቦርዱ ላይ ትተሽው ‘አልሰራም’ እንዳትዪ፣ በየሳምንቱ የሚደወልልኝ ነው።

አንድ ፋን ያለውን አጭሩን ምረጪ፣ ከመግዛትሽ በፊት ከኋላው ብረት እስከ ሀርድ ዲስኩ ቤት ድረስ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተሽ ለዘመድሽ ንገሪው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁ፦

ሰላም ወገኖች፣ እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ እዚህ እንደዚህ አይነት ካርድ በሰው ለቤተሰብ እየላክሁ ስለቆየሁ ያየሁትን ልጨምር። አገር ቤት ሱቁ ዋጋውን በዶላር ነው የሚያስበው፣ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ሆኗል፣ ስለዚህ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ቢያስመጣ ያዋጣዋል። 3050 ባለ 6 ጊጋው እዚህ አዲሱ መጀመሪያ ሲወጣ ከ170 እስከ 180 ዶላር አካባቢ ነበር። ዩዝድ ከሆነ ደግሞ ከቢሮ ማሽን የወጣ ቲ1000 የሚባል የኤንቪዲያ ካርድ አለ፣ 50 ዋት ብቻ ነው፣ ውስጡ የ1650 አይነት ነው፣ ሎው ፕሮፋይል ስለሆነ ቀጭኑ ካሳ ላላቸውም ይሆናል፣ ማንም ጌመር ስለማይፈልገው ሲቃጠል አልከረመም። ችግሩ መውጫው ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ነው ስለዚህ አብሮ መቀየሪያ መላክ አለበት፣ እኔ መጀመሪያ የላክሁ ጊዜ መቀየሪያውን ረስቼው ወንድሜ አንድ ወር ካርዱን አስቀምጦ ጠብቋል።

እና የምትልኩ ሰዎች እዚሁ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ እዚህ ብዙ ቦታ እቃ በተወሰነ ቀን ውስጥ ይመለሳል አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን ማንም አይመልሰውም።

የሐዋሳዋ ኤዲተር፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ራሙ 16 ሆኗል፣ ኤስኤስዲው ገብቷል፣ 1650ውንም ዘመዴ ጂፒዩ ዚን በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሁለት ሱቅ እምቢ ብለውት ሦስተኛው አስከፍቶለት ገዛልኝ፣ አንድ ፋን ያለው ጠርዙ ልሙጥ የሆነው። ኮንቨርተሩም ከቪጂኤው ሞኒተሬ ጋር ሰርቶልኛል። ቪጂኤ ያለውን አለመግዛቴን ሳስበው አምላኬን አመሰግናለሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ፕሌይ ሲል ጥሩ ነው ኤክስፖርቱ ግን እንዳሰብኩት አልፈጠነም፣ የ20 ደቂቃ ቪዲዮ ድሮ ከሚወስደው ትንሽ ነው የቀነሰው፣ ታስክ ማናጀር ላይ የካርዱ መስመር ዝም ብሎ ተኝቷል። ካርዱ ችግር ይኖረው ይሆን?

ቴክኒሻን ዘመገናኛ፦

ካርዱ ደህና ነው አትደንግጪ። ያ ፕሮጀክት የተከፈተው ካርዱ ሳይገባ ስለሆነ ሴቲንጉ የድሮው ላይ ቀርቶ ነው። ፋይል፣ ፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ጄኔራል ግቢና ሬንደረር የሚለው ሶፍትዌር ኦንሊ ካለ ኩዳ የሚለውን (በካርዱ የሚያሰራውን) ምረጪ። ከዛ ኤክስፖርት ስታደርጊ ኤች 264 መርጠሽ ቪዲዮ የሚለው ውስጥ ኢንኮዲንግ ሴቲንግስ ጋ ሶፍትዌር ያለውን ሀርድዌር አድርጊው። ካላመጣልሽ ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ አውርደሽ ጫኚ ዊንዶውስ በራሱ የጫነው ላይበቃ ይችላል።

የሐዋሳዋ ኤዲተር፦

ሶፍትዌር ኦንሊ ነበር የሚለው!! ሁለቱንም ቀየርኩት፣ ያው የ20 ደቂቃው ቪዲዮ በ18 ደቂቃ አለቀ፣ ቁጭ ብዬ እያየሁት። አሁን ለሙሽሮቹ ደውዬ ነገ ኑና ውሰዱ አልኳቸው። ወንድሜም ፊፋውን እያወረደ ነው።